በጎንደር መጀመሪያ ቀኑን ጠይቁ



አዲስ ሰው ጎንደር ገብቶ ዕቃውን ካወረደ በኋላ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ? ቅዳሜና እሑድስ የት ይኬዳል?» ይላል። እኔ የቤት ስም ከመጥራቴ በፊት «ለመቼ?» ብዬ እጠይቃለሁ። በጎንደር መብላቱም መጠጣቱም መዝናናቱም በቀን ነው። ረቡዕ ሰው ተሰልፎ የሚበላበት ቤት ሐሙስ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። በጥር ሰው የሚያጨናንቀው ሜዳ በመጋቢት ጭር ይላል። ቅዳሜ መንቀሳቀሻ የሌለው ጎዳና ማክሰኞ ላይ ሌላ ጎዳና ነው። ስለዚህ ዛሬ የምወዳቸውን ቤቶችና መዋያዎች የምነግራችሁ በሰፈር ሳይሆን በቀን በቀናቸው ነው።

ይህ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከከተማዋ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ መቀመጫቸውን እዚህ ካደረጉ ጀምሮ ጎንደር የቤተ መንግሥትም የቤተ ክህነትም ከተማ ሆና ኖራለች። «አርባ አራቱ ታቦት» ስትባል የኖረችውም በዚሁ ነው። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት የሚሉት የሰፈር ስሞች ዛሬም የሚያስታውሱን ማን የት ይኖር እንደነበረ ነው። በሌላ ከተማ ጾም የእያንዳንዱ ሰው የግል ጉዳይ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ግን ምግብ ቤቱም ሉካንዳውም አዝማሪ ቤቱም ከሰዉ ጋር አብሮ ይጾማል፣ አብሮም ይፈስካል። የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊሞችም የራሳቸው ወርና የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ሁለቱን ያላወቀ ሰው ጎንደር ተቀምጦ ጎንደርን ሳይቀምስ ይከርማል።

ከጾሙ ልጀምር። እንግዳ ሰው ረቡዕና ዓርብን «የማይበላበት ቀን» አድርጎ ያስበዋል። ተሳስቷል ለማለት እደፍራለሁ። የጎንደር ሴቶች የወጥ ቤት ሙያ ሙሉ ለሙሉ የሚታየው በጾም ነው። ቅቤና ሥጋ ሲኖር ማንም ወጥ ሊያጣፍጥ ይችላል፤ በምስርና በሽሮ፣ በሱፍና በተልባ ሰውን ማጥገብ ግን ሙያ ይጠይቃል። በፒያሳና በአራዳ ዙሪያ ያሉት ትናንሽ ምግብ ቤቶች በጾም ቀን የሚያቀርቡት በያይነቱ ትሪው ላይ ሲዘረጋ ቀይ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ድንችና ካሮቱ፣ ቃሪያ ስንጉ እያንዳንዱ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ዐይኔ የሚሄደው ግን ከዳር ወዳለችው ወደ ትንሿ ማንኪያ ስልጆ ነው።

ስልጆን ለማታውቁት ልግለጽላችሁ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ እየተማሰለ በእሳት ይበስላል። ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ይገባበትና ለጥቂት ቀናት ይቦካል። ሲደርስ ወፍራም ነው፤ መጀመሪያ ምላስ ላይ ይኮመጥጣል፣ ቀጥሎ የሰናፍጩ ነገር ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ዐይንም ያስነባል። ከሽሮ ጋር በአንድ ጉርሻ ሲሄድ ሌላ ነገር አያስመኝም። አሁን አሁን በየሆቴሉ በያይነቱ ሲታዘዝ ስልጆ እየቀረ በምትኩ ሰላጣና ፓስታ ይጨመራል። ይህ ያሳዝነኛል። ስልጆ ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሠሪዋም ልፋቷን የሚያውቅላት በላተኛ ካላገኘች ትተወዋለች። ስለዚህ አደራ፣ ምግብ ቤት ስትገቡ «ስልጆ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጠየቅ ነገር አይጠፋም።

ጠዋትን በተመለከተ ምርጫዬ አንድ ነው፤ ፉል። ጎንደር በመተማ በኩል ከሱዳን ጋር የምትገናኝ የጥንት የንግድ ከተማ ናት። ፉሉም በዚሁ አቅጣጫ የሚሄደውንና የሚመጣውን ነጋዴ ያስታውሰኛል። ባቄላው ተቀቅሎ ተጨፍልቆ ላዩ ላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዘይትና ሚጥሚጣ ሲነሰነስበት፣ ትኩስ ዳቦ ከጎኑ ሲቀመጥ፣ ከሌሊት ጀምሮ የለፋ የቀን ሠራተኛና የባንክ ሠራተኛው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። በረመዳን ወር ደግሞ ወደ አዲስ ዓለም የምትወስደኝ ከመግሪብ በፊት ያለችው ሰዓት ናት። ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይንጫጫል፣ ተምሩ በየበረንዳው ተዘርግቶ ይሸጣል፣ ሾርባው ይሸታል፣ ሰዉም ሰዓቱን እያየ ወደ ቤቱ ይፈጥናል። ጾመኛ ያልሆነ ሰው ሳምቡሳውን ገዝቶ በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ እዚያው ቆሞ አይበላም፤ ይህን ልጆቻችንን ሳንነግራቸው ያውቁታል። ቀሪቦንም ያስለመዱን የአዲስ ዓለም ሙስሊሞች ናቸው። ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ የማያሰክር፣ ቀዝቀዝ ሲል ጥም የሚቆርጥ መጠጥ ነው። በሙስሊሙ ሰርግ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይጠጣዋል።

ወደ ፍስኩ ልለፍ። የፍስክ ቀን ማለት ሉካንዳ ማለት ነው፤ እሱን መደበቅ አይቻልም። ጎንደሬ ሥጋ ቤት ሲገባ «አንድ ኪሎ ስጠኝ» ብሎ አያዝም። መጀመሪያ የተሰቀለውን ቀና ብሎ ያያል፣ በሬው መቼ እንደታረደ ይጠይቃል፣ ከዚያ ሻኛው ይሁን ሽንጡ፣ ዳቢቱ ይሁን ጎድኑ ይለያል። ቆራጩም ደንበኛውን ያውቀዋል፤ «ለአንተማ ከታላቁ ነው» ይለዋል። ሥጋው ጥሬ ከሆነ በሳህን ላይ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ይመጣል፣ ቢላዋው በእጅ ነው። ጥብስ ከሆነ ሸክላው ከነፍሙ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ከላዩ ሮዝመሪና ቃሪያ ይታያል። ጥብስ የታዘዘበት ጠረጴዛ ላይ ብቻውን የሚበላ ሰው እምብዛም አታዩም። በመንገድ የሚያልፍ የሚያውቁት ሰው ካለ «እንብላ!» ይባላል፤ እምቢ ካለ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ አይለቀቅም።

ስለ ጎንደር ጥሬ ሥጋ ከተነሳ ጀምስ ብሩስን ማለፍ አይቻልም። ይህ ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ደርሶ በእቴጌ ምንትዋብ ጥበቃ ሥር ቁስቋም ተቀምጦ ነበር። አገሩ ተመልሶ በጎንደር ግብር ላይ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ማየቱን ቢያወራ ሰው አላመነውም። ባለ አምስት ቅጹን የጉዞ መጽሐፉን በ1790 እ.ኤ.አ. ሲያሳትምም ሀሰተኛ ነው ያሉት ብዙዎች ነበሩ። ግብሩን ያሳመረበትና ያጋነነበት ቦታ እንዳለ አልክድም። ጥሬ ሥጋ መበላቱ ላይ ግን እውነቱን ነው የተናገረው፤ ለምስክርነት ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የትኛውም ሉካንዳ መግባት ይበቃል።

የሥጋው ወር ጫፍ ደግሞ ቅበላ ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት የጎንደር ሉካንዳዎች ከጠዋት እስከ ማታ ቢላዋ አያስቀምጡም። ማኅበርተኛው፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው፣ የድሮ የክፍል ጓደኛው ሁሉ በዚያች ሳምንት ይጠራራል። በማግሥቱ ሰኞ ሉካንዳው በሩ ተዘግቷል፤ ብዙዎቹም እስከ ፋሲካ አይከፈቱም። ለንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ይህ ኪሳራ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን አንድ ከተማ ሙሉ በአንድ ሌሊት ማዕዱን የሚለውጥበት ሌላ ቦታ ብዙ አላውቅም። የሚያልፈን ነገር እንዳለ ስለምናውቅ ነው በቅበላ ያን ያህል የምንሰበሰበው።

አሁን ቅዳሜ። ቅዳሜ የአራዳ ገበያ ቀን ነው፤ ገበያ መውጣትንም እኔ ከመዝናኛ እቆጥረዋለሁ። ከደንቢያ ጤፉና ሽምብራው፣ ከወገራና ከዳባት ገብሱና ድንቹ፣ ከቆላው ሰሊጡ በአህያና በአይሱዙ ይገባል። ቅመም ተራውን ዝም ብሎ ማቋረጥ ራሱ ደስታ ነው፤ ነጭና ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በጆንያ የተቀመጠው ዛላ በርበሬ። ነጋዴዋ በርበሬውን ዘንጥላ ፍሬውን ታሳያለች፣ ገዢዋ ሸትታ ታስነጥሳለች፣ ዋጋ ይባላል፣ ትሄዳለች፣ ትጠራለች፣ ትመለሳለች። ሱፐር ማርኬት ይህን አይሰጥም። የልጆች እናቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ቅዳሜ ይዛችኋቸው ውጡ፤ ገብስን ከስንዴ ሳይለይ የሚያድግ የጎንደር ልጅ እንዳይበዛብን።

ከገበያ የወጣ ሰው ጠላ ቤት ይገባል። ጠላ ቤቱ ማስታወቂያ የለውም፤ ደጃፉ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋች ጣሳ ካያችሁ ደርሳችኋል። አግዳሚ ወንበር፣ የተጠረገ መደብ፣ ቆሎ ወይም አሹቅ በሰሃን። የጎንደር ጠላ ስሙ የገነነው በከንቱ አይደለም። ጠማቂዋ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽታ ታጥባለች፣ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ጌሾውን ከብቅሉ ጋር በውሃ ትጠነስሳለች። ከቀናት በኋላ ከገብስ ወይም ከዳጉሳ የተዘጋጀ እንኩሮ ጨምራ ትደፈድፋለች። በስተመጨረሻ ውሃውን ሞልታ አፉን ታትማለች። ጋኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀዳው ጉሹ ነው፤ ደፈርስ ያለ፣ ኃይለኛ፣ የወይራው ጭስ ገና ያልለቀቀው። ከበረደና ከጠራ በኋላ ያለውን የሚመርጡ አሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በጉሽ ቀን ጨዋታው ቶሎ ስለሚያልቅ።

ጠላ ቤት ውስጥ የሚሰማውን ጨዋታ በምን ልግለጸው? ሽማግሌዎቹ የመሬት ክርክር ያነሳሉ፣ አንዱ የድሮ ጦርነት ይተርካል፣ ሌላው ያርመዋል። ከአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ካለ ቅኔ ይቆጠራል፤ አንድ ቃል ላይ ተጣልተው ሲከራከሩ መስማት ከማንኛውም ፊልም ይበልጥብኛል። ጠላ ቤትን የሰካራም ቤት ብቻ አድርጎ የሚያይ ወጣት አለ። በመጠን የሚጠጣ ሰው እዚያ የሚያገኘው ወሬና ታሪክ በየትኛውም ካፌ አይገኝም። ለማይጠጡት ደግሞ ቆሎና ቡናው አለ፤ ማንም «ለምን አልጠጣህም» አይላቸውም።

ቢራን በተመለከተ ረጅም አልናገርም። ዳሸን ቢራ ፋብሪካ በ1992 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማዋ በራስ ደጀን ስም የተጠራ ቢራ አላት፤ ብዙ ሰው እንጀራ በልቶበታል። ሲመሽ በየመጠጥ ቤቱ የሚከፈተው ጠርሙስ የከተማው ምርት ነው።

ከመሸ በኋላ የምወደው አዝማሪ ቤት ነው። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ሆና ትታወቃለች፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። መሰንቆው የፍየል ቆዳ የተወጠረበት፣ ክሩም መምቻውም የፈረስ ጭራ የሆነ ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ነው። በዚያች አንዲት አውታር ቤቱን ሁሉ ያስነሳሉ። አዝማሪው መጀመሪያ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን አዲስ ልብስ እንደለበሰ፣ ማን ኪሱን እንደሚፈራ ያውቃል። ከዚያ ስማችሁን ጠይቆ ግጥም ያበጅላችኋል። ከተጋባዦቹ አንዱ «ተቀበል!» ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ግጥሙ ይነገራል፣ አዝማሪው ቃል ሳያጎድል ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ቀልዱ ያልገባው አጠገቡ ያለው ሲስቅ ያያል፤ ለምን እንደተሳቀ የሚገባው ቆይቶ ነው። ወርቁን ለማግኘት ሰሙን መፈልቀቅ አለበት።

አዝማሪ ቤት የምትሄዱ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ በዐቢይ ጾም አትልፉ፤ አብዛኛው መሰንቆ ተሰቅሏል፣ ሰርግም የለም፣ አዝማሪዎቹም ኑሯቸው የሚከብድባቸው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ሽልማታችሁን አትቆጥቡ። ግጥሙን በስልክ ቀርጾ ሳይሸልም የሚወጣ ሰው እየበዛ ነው። አዝማሪ የሚያድረው በዚያች ግንባሩ ላይ በምትለጠፍ ብር ነው። ልጁን ወደዚህ ሙያ እንዲያስገባ የምንፈልግ ከሆነ ሙያው ማብላት አለበት።

ከመምሸቱ በፊት ደግሞ ፒያሳ አለ። ጣሊያኖች ከተማዋን ይዘው እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በቆዩባቸው ጥቂት ዓመታት የሠሯቸው ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ በረንዳ ያላቸው ሱቆች፣ ዛሬ የእኛ የማታ መንሸራሸሪያ ሆነዋል። የወረራን ሥራ አላመሰግንም። ግን በረንዳው ዝናብ ሲመጣ የሚያስጠልለው እኛን ነው፣ ከሥሩ ጫማ የሚያስጠርገውም፣ ማኪያቶ የሚጠጣውም ጎንደሬው ነው። በኢትዮጵያ ሆቴል ወይም በቋራ ሆቴል ዙሪያ ተቀምጦ መንገደኛውን ማየት፣ ሰላምታ መለዋወጥ፣ የሞተውንና የተዳረውን መስማት፤ ይህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚጀምር የከተማዋ ሥራ ነው። እንግዳ ካላችሁና የባህል ምግብ በጥሩ አቀራረብ ልታሳዩት ከፈለጋችሁ አራት እኅትማማቾች የከፈቱት ፎር ሲስተርስ አለ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ወደ ጎሃ ኮረብታ ውጡ። እዚያ ያለው ሆቴል ዋጋው ከፒያሳ ከፍ ይላል፤ ግንቡን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን፣ ቆርቆሮውን ሁሉ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት የሰፈራችሁን ቦታ ለመፈለግ ግማሽ ሰዓት ይወስድባችኋል።

ስለ ኳስ ሳልናገር ብወርድ ወጣቶቹ አይለቁኝም። ፋሲል ከነማ፣ ዐፄዎቹ፣ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሱ ይህ ከተማ እንዴት እንዳደረ የምታስታውሱት ታውቁታላችሁ። ያ ዓመት ደግሞ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየዞሩ መካሄድ የጀመሩበት ነው። እናም ደጋፊው የቡድኑን የክብር ዓመት ያሳለፈው በአጼ ፋሲለደስ ስታዲየም ሳይሆን በየካፌው ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ይህ አሁንም ይቆጨኛል። ስታዲየም መሄድ ማለት ኳስ ማየት ብቻ አልነበረም፤ ለውዝና ቆሎ ሻጯ፣ ከቀትር ጀምሮ ቀይና ነጭ ለብሶ የሚሰለፈው፣ ከጨዋታ በኋላ በእግር እየዘፈነ ወደ ፒያሳ የሚመለሰው ሕዝብ ሁሉ የዚያ ቀን አካል ነበር።

እሑድን ለታቦትና ለእግር ጉዞ እመድባለሁ። ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት ዳቦና ጠላ ይቀመሳል፤ ይህ ከምግብ ቤት ሁሉ የሚቀድም ማዕድ ነው። ከዚያ በኋላ ነዋሪው ሊሄድባቸው ሲገባ የማይሄድባቸውን ቦታዎች ልጥራ። ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ 900 ሜትር ርዝመት ካለው አጥሩ ውጭ በየቀኑ እናልፋለን፣ ወደ ውስጥ የምንገባው ግን እንግዳ ሲመጣብን ነው። የዐፄ በካፋን የግብር አዳራሽ ገብታችሁ ርዝመቱን በእግራችሁ ለኩት፤ ያን ጊዜ የእኛ ማዕድ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈ ነው። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብላችሁ እዩ። ሰው እንዲበዛበት ለሚወድ የሥላሴ በዓል ጥር 7 ነው፤ ጸጥታ ለሚሻ ተራ የሥራ ቀን ጠዋት።

ለእኔ ግን ከሁሉም ቁስቋም ይበልጣል። ከከተማው ወደ ምዕራብ ከፍ ብሎ በደብረ ፀሐይ ተራራ ግርጌ የተቀመጠው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የቱሪስት ወከባ አይበዛበትም። ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኙ ይደምቃሉ። በእግር ወጥታችሁ፣ የአብነት ተማሪዎቹን ዜማ ሰምታችሁ፣ በመልስ ሰፈር ውስጥ የጀበና ቡና ጠጥታችሁ ውረዱ። ኅዳር 6 ቀን ከሄዳችሁ ደግሞ ዓመታዊ ክብረ በዓሏ ነው፤ ሜዳው ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ጭፈራው ከመሸ በኋላም ሳይበርድ ታገኙታላችሁ።

ጥምቀትን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም ስለሚበልጥ ነው። ከበዓሉ ቀናት በፊት የቀሃ ወንዝ ውሃ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ መግባት ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ የከረመው ገንዳ ሲሞላ፣ በአጥሩ ድንጋይ ላይ ሥሮቻቸውን የጣሉት ዛፎች ጥላቸውን ውሃው ላይ ይጥላሉ። ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው በጃንተከል በኩል ሲመጡ እልልታው ከፊት ይቀድማል። ሌሊቱን ማኅሌት ይቆማል። ሲነጋ ውሃው ይባረካል፣ ወጣቶቹ ከነልብሳቸው ይዘላሉ። በጥር 11 አብዛኞቹ ታቦታት ይመለሳሉ፤ ሚካኤል ግን በማግሥቱ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ በዓሉ አያልቅም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው እዚህ በተግባር ይታያል፤ ሎሚ የሚወረወረውም፣ ትዳር የሚታሰበውም በእነዚያ ቀናት ነው። የኢትዮጵያ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደስ ብሎናል። ለነዋሪው የምመክረው ግን ከመድረኩ ጀርባ ስላለው ነው። በከተራ ማታ በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ የማታውቁት ሰው «ግቡ፣ ቅመሱ» ይላችኋል። ግቡ።

ከከተማ መውጣት ለምትፈልጉ ሁለት መንገድ አለ። የሰሜኑ መንገድ መጀመሪያ ወለቃን ያሳልፋችኋል። ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላ ሥራው በመንደሩ ቀርቷል፤ ጥቁሩ የወለቃ ሸክላ ጀበና ቤቴን ሞልቶታል። ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ኮሶዬ ትደርሳላችሁ። በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ። ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ ከዝንጀሮ ወገን በዋናነት ሣር ግጦ የሚኖር እነሱ ብቻ ናቸው። የወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይታያል። ከገደሉ ማዶ የሰሜን ተራሮች ተደርድረው ይቆማሉ። ኮሶዬ ለቀን ጉዞ በቂ ነው፤ ማደር ለሚችል ግን አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ደባርቅ አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። የፓርኩን ቦታዎች፣ ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅን፣ ፈረንጁ በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ጎንደር ተወልዶ ዋልያ በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ግን ከዚህ አዳራሽ ውስጥም አይጠፋም።

ደጋው ማዕዱም የተለየ ነው። ጤፍ የማያበቅል አገር ገብሱን አልቆታል። በሶው በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ወይም በቅቤና በጨው ታሽቶ ጭብጦ ይሆናል፤ እረኛ ከረጢቱ ውስጥ ያንን ይዞ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ደባርቅ ብርዱ ሲያንቀጠቅጥ ከእሳት ዳር ቁጭ ብሎ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ መብላትና የገብስ ጠላ መጎንጨት በማንኛውም ሆቴል በገንዘብ የማይገኝ ነው። ይዛችሁ ስትመለሱ የገብስ ቆሎ ሸምቱ፤ የደባርቅ ቆሎ ሲቆረጠም ድምፁ ይለያል።

ሁለተኛው መንገድ በአዘዞ በኩል ደንቢያን አቋርጦ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ያወርዳል። ቀረሶውና አምባዛው ከደንገል ታንኳ እንደወረደ ይጠበሳል። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተወዋለሁ፤ በፍስክ ቀን ግን ማንም አይከራከርበትም። ከምሳ በኋላ የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎች ሳታዩ አትመለሱ። በቅርቡ የተሠራው መዝናኛም ለቤተሰብ ሌላ ምርጫ ሆኗል።

እነዚህን ሁሉ ስናገር ባለፉት ዓመታት የጸጥታው ሁኔታ ብዙዎቻችንን ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት እንዳስቀረን አልዘነጋሁም። ወደ ደባርቅም ወደ ጎርጎራም ለመሄድ መጀመሪያ መንገዱን መጠየቅ ግድ ሆኗል። እንግዳው ሲቀር የአስጎብኚው፣ የሸክላ ሠሪዋና የአዝማሪው ገቢ አብሮ ቀርቷል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ሁሉ እኛ ነዋሪዎቹ ብንወጣ፣ ብንገዛ፣ ብንበላ ለእነሱ የዕለት እንጀራ ነው።

እናም አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ጥያቄዬ ለከተማችን የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ ለሆቴል ባለቤቶችም ነው። በየወሩ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅ። የዚያ ወር ክብረ በዓላት የት የት እንደሚውሉ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባና እንደሚፈታ፣ የረመዳን ወር ሲሆን የማፍጠሪያው ሰዓት፣ የገበያው ቀን፣ የፋሲል ከነማ ጨዋታ፣ ኮሶዬ አበባ መያዙ አለመያዙ ይጻፍበት። በአውቶብስ መናኸሪያው፣ በአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በር ላይ ይለጠፍ። ሆቴሎቹም ከምግብ ዝርዝራቸው ጋር ያስቀምጡት። ወጪው የወረቀትና የማባዣ ነው፤ መረጃውን ለማጠናቀር ደግሞ የየደብሩ አለቆች፣ የመስጊዶቹ ኃላፊዎችና የአራዳ ነጋዴዎች አሉ። የጥርን ወር ገጽ ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ማድረስ ይቻላል፤ እርዳታ ካስፈለገ እኔ ለማጠናቀሩ ጊዜዬን እሰጣለሁ።